ካውያ ያስተማረው እጅ

የእትዬ ካውያ ጡጫ ጠረጴዛውን ሲመታው የተፈታኞቹ እርሳስ ሁሉ ቀጥ አለ። ተቆጣጣሪው በሩ አጠገብ ጉሮሮውን ጠረገና ፈተና በዝምታ ነው፣ ሁለተኛ እንዳይለመድሽ ብሎ አስጠነቀቃት።

ወረቀቱ ላይ አሥር የስፓኒሽ ግሦች ተደርድረዋል። ሥራው እያንዳንዱን በድምፅ በድምፁ ቆራርጦ በርታ ብሎ የሚነገረውን ድምፅ ከሥሩ ማስመር ነው። ያለፈ የዚሁ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ይመደባል፤ የወደቀ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እሷ የነበረችበት ከግድግዳው ማዶ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆማ አንሶላ የተኮሰችበት ክፍል።

ያጠናችውም እዚያው ነው። ግሡን ጽፋ ግድግዳው ላይ ትለጥፍና ለአንድ ድምፅ አንዴ ካውያውን ዱብ፣ በርታ ለሚለው ደግሞ ከትከሻዋ ጫን ታደርጋለች። ባልደረቦቿ አደነቆርሽን እያሉ፣ እትዬ ካውያ የሚል ስም አውጥተውላት ሲያሾፉባት ሦስት ወር ከረመች። አሁን ቁጭ ብላ እርሳስ ስትይዝ ግን አንዱም ቃል እሺ አላላትም። እጇ ካልመታ ጆሮዋ አይሰማም።

ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ተነሣች።

«ቁጭ በይ እንጂ» አላት ተቆጣጣሪው። ልጇ ይሆናል በዕድሜ።

«ቁጭ ብዬ የተማርኩት ነገር የለም።»

ወረቀትሽን እቀማሻለሁ አለ። የሚመጣው ዓመት ሃምሳ ይሞላታል፣ ሃምሳ የሞላው ደግሞ አይፈተንም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ፈራች። መፍራቷ ራሱ አናደዳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁሚ ሲሏት የኖሩ ሰዎች ዛሬ ተቀመጪ ይሏታል።

የመጀመሪያው ግሥ «አብላሬሞስ» ነው፣ እንናገራለን ማለት። ጡጫዋን አነሣች። «አ» ዱብ። «ብላ» ዱብ። «ሬ» ላይ ከትከሻዋ ስትጫን ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። «ሞስ» ዱብ። እርሳሷን አንሥታ «ሬ»ን አሰመረችበት።

ተቆጣጣሪው እጁን ወደ ወረቀቱ ሰደደ። ይሄኔ ከግድግዳው ማዶ አንድ ካውያ መለሰ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ጫን፣ ዱብ። ሌላው ተከተለ፣ ሌላም። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ከባልደረቦቿ አንዷም አታውቅም። ምቱን ግን ሦስት ወር ሙሉ ሰምተውታል።

ተቆጣጣሪው እጁ እንደተዘረጋ ወደ ግድግዳው ዞረ። እትዬ ካውያ እንደ ቆመች ቀጣዩን ግሥ አነበበችና ጡጫዋን አነሣች።