የወፍጮ ቤቱ መንፈስ

ትርሲትና ሁለቱ ጓደኞቿ፣ ታላላቆቻቸውም እያዩት ያደጉት፣ ምሥጢር የሚያነፈንፈው ውሻ ካርቱን ቅዳሜ ቅዳሜ አያመልጣቸውም። እዚያ መንፈስ የተባለው ሁሉ መጨረሻ ላይ ጭንብሉ ሲወልቅ ሰው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በተዘጋው ወፍጮ ቤት መንፈስ ገብቷል ሲባል፣ የትርሲትን ውሻ ቡቺን አስከትለው በጠራራ ፀሐይ ሄዱ።

ቡቺ በተሰበረው በር ሾልኮ ገባ። አልጮኸም። ጓደኞቿ ግን ደጅ ላይ ቀሩ።

«አንቺ ግቢ፤ ውሻው ያንቺ ነው» አሏት።

ገባች። ጥግ ላይ አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ቡቺ ጅራቱን እየቆላ እጁን ይልሰዋል። ጋቢውን ገለጠችው።

«ትርሲቴ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለ ሰውየው በሹክሹክታ። «ደላላው ድንበር ላይ ጥሎኝ ጠፋ። ባዶ እጄን እንዴት ቤት ልግባ?»

ጋቢውን መልሳ አለበሰችውና ወጣች።

«ማነው?» አሏት ጓደኞቿ።

«ማንም የለም። አይጥ ነው።»

አመሻሽ ላይ ስልክ ተደወለ። እናቷ ተጣድፋ አነሳች፤ ፊቷ በራ። ስለ ጤናው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ሪያድ ሙቀት ጠይቃ ስታበቃ ስልኩን ለልጇ ሰጠቻት።

«እንቺ፣ አባትሽ ነው።»

ትርሲት ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

«አባዬ» አለች፣ «ነገ ምሳ ይዤልህ እመጣለሁ።»