የዙለይኻ ቢቢ የመጀመሪያ እንግሊዝኛ

«ቲቸር! እኔም አንድ እንግሊዝኛ እችላለሁ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ…

ዙለይኻ ቢቢ ያኔ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከፓኪስታን ብራድፎርድ ከገባች ሠላሳ ዓመት ሆኗት ነበር፤ የስደተኞች እንግሊዝኛ ክፍል ከገባች ግን ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ብድግ አለች። ሻርፗን አስተካከለች። ጥርት ባለ እንግሊዝኛ…

«ምንም የለባትም ዶክተር። ማጋነን ትወዳለች!»

የመምህሯ የሚስ ሎሬይን ፈገግታ ጠፋ። «ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ልጄ ኢምቲያዝ ነዋ! ሐኪም ጋ ሲወስደኝ ሁሌ የሚልልኝ ነው። ‹ግራ ዓይኗ እየጨለመባት ነው› ማለት አይደል?»

ትርጉሙን የነገርኳት እኔ ነኝ… ከጎኗ የምቀመጠው ያገሯ ልጅ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳት። ግራ ዓይኗ አልቆለታል።

«ምነው ከዓመት በፊት ብትመጡ?» አሉን ሐኪሞቹ።

መጥታ ነበር እኮ!

ልጇ ከሥራ ሲመለስ ለምን እንዲህ እንዳለባት ጠየቀችው።

«አሚ፣ እናቴ፣ ሥራዬን ጥዬ ነው የምወስድሽ! የምታወሪውን ሁሉ ልተርጉም እንዴ? ደግሞ አንዱ ዓይንሽ ደህና አይደል? ምን ጎደለሽ?»



ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በዝናብም በበረዶም፣ ከዚያ ክፍል አንድ ቀን አልቀረችም።

ባለፈው ወር ኢምቲያዝን ስትሮክ ጣለው። ምላሱ ተሳሰረ። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ በአንድ እጁ ጭንቅላቱን ይዞ ያቃስታል፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣለች።

ዶክተሩ መጣ። «እናቴ፣ ምን እያለ ነው? ያመዋል እንዴ?»

ኢምቲያዝ እናቱን አያት… በዓይኑ ለመናት።

ብድግ አለች። ሻርፗን አስተካከለች።

«ምንም የለበትም ዶክተር። ማጋነን ይወዳል።»

ዶክተሩ እሺ ብሎ አለፈ። የኢምቲያዝ እንባ ወደ ጆሮው ወረደ። 

ዶክተሩ አንድ አልጋ አለፈ… ሁለት… ሦስት…

«ዶክተር!» ብላ ጠራችው። «ቅድም የነገርኩህ ውሸት ነው። ጭንቅላቱን ክፉኛ ያመዋል። ከጠዋት ጀምሮ ነው።»

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«እኔ ዶክተሩ ሦስት አልጋ ሲያልፍ አላስችል አለኝ። አንተ ግን ለእኔ አንድም ቀን መልሰህ አልጠራህልኝም።»

ወገኖቼ… ለሌላ ሰው አፍ ሆናችሁ ስትቆሙ ቃሉ የእናንተ አይደለም። አደራ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ… በዚያች እናት ቦታ ብትሆኑ ዶክተሩን በስንተኛው አልጋ ላይ ትጠሩት ነበር?