ሀሺም ኦንላይን ነው

ሀሺም ወሎ ውስጥ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን መካ ላይ ኦንላይን ገባ።

ያስገባው የአጎቱ ልጅ አዩብ ነው። አዩብ መካ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ድሮ በካርድ በሚደወልበት ዘመን አራት የስልክ ሳጥን ያላት ሱቅ ነበረችው። ቀጥሎ የኢንተርኔት ስልክ መጣና፣ «ሀሎ» ብለው መልሱ እስኪመጣ ሻይ የሚያስጠጣ ርካሽ ጥሪ ሸጠ። በመጨረሻ ጥሪው ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ገባ፤ ሱቋም የሞባይል ልባስ መሸጫ ሆና ቀረች። አዩብ ግን ራሱን እንደ ቴሌ መሐንዲስ መቁጠሩን አልተወም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሀሺም ልጅ ሚስራ ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ደግፎ ነው የሚነገረው። ማዳሟ ዘመድ ደጇን እንዲረግጥ አትፈቅድም፤ ኮንትራቷ ሊያልቅ ስምንት ወር ይቀረዋል። ልጅቱ ብቻዋን ኩሽና ውስጥ ሰምታ ወድቃ እንዳትቀር፣ እስክትወጣ ይደበቅ ተባለ። ታዲያ አርብ አርብ ከሰዓት፣ ማዳሟ ስትተኛ፣ ለአባቷ በኢሞ የምትደውለውስ?

«እሱን ለኔ ተዉት» አለ አዩብ። «ኸላስ!»

የሚስራ ወንድም ከድር ኩታበር ሆኖ በሟቹ ስልክ የመጣውን የኢሞ መግቢያ ኮድ አነበበለት፤ አዩብ መካ ሆኖ ቁጥሩን ሞላ። በቃ። ድምፁ ከሀሺም ድምፅ ጋር ድሮም ይመሳሰላል፤ የጎደለውን የመስመሩ መቆራረጥ ይሞላዋል። አዩብና ሚስራ ደግሞ ተያይተውም ተነጋግረውም አያውቁም።

መጀመሪያ ሰሞን ችግሩ ቪዲዮ ነበር። ሳዑዲ የኢንተርኔት ጥሪን የፈቀደችበት ዓመት ነውና፣ የጅዳ ሠራተኛ ሁሉ የእናት የአባቱን ፊት እያየ ያለቅሳል።

«አባየ፣ ፊትህን አሳየኝ እንጂ!»

«ካሜራው ተሰብሯል፣ ልጄ።»

«ለከድር ስጠውና ያሠራልህ።»

«ቢሠራም ኔትወርኩ ቪዲዮ አይችልም» አለና ሳለ። ሳሉ እንኳ የራሱ ነው፤ የሠላሳ ዓመት የሺሻ ትሩፋት።

አንድ ጊዜ ሁለት አርብ ሙሉ ጠፋች። ዘመድ ተሸበረ። በሦስተኛው አርብ ስትደውል ድምጿ ሻክሯል።

«ማዳም ዋይፋዩን ዘግታብኝ ነው» አለች። «ጉንፋንም ይዞኛል።»

«አብሽሪ፣ ልጄ» አላት አዩብ። ለዘመዶቹም ዋይፋይ እንዴት እንደሚዘጋ ግማሽ ሰዓት አብራራላቸው፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀለለ። ሚስራ ቪዲዮ የሚባል ነገር አላነሳችም፤ የኔትወርኩ ማብራሪያ ገብቷት መሆን አለበት። ስለ በሬው፣ ስለ እርሻው መጠየቅም ተወች። በሬ ካየ ሠላሳ ዓመት የሆነው አዩብ አልሐምዱሊላህ አለ። አንድ ቀን ደግሞ አምልጦት «ኸላስ፣ ያላ ወደ ሥራሽ» አላት። የኩታበር ገበሬ፣ በዐረብኛ! ላብ አጠመቀው። እሷ ግን ሳቀች።

«ከኔ ነው የለመድከው?»

«ከማን ልለምድ ታዲያ!»

«ልጅቱ እንደሁ የዋህ ናት» አለ አዩብ ለዘመዶቹ። «እኔ ባልኖር ይህን ዓለም እንዴት ትችለው ነበር?»

አሁን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

«ሳሉስ?»

«እንዳለ ነው።»

«ዝንጅብል በማር አፍልተህ ጠጣ ብዬህ ነበር። ምሳስ በልተሃል?»

አዩብ ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት። ሲጠራቸው ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ በዐረብኛው እሺታ «ጠይብ» ይሉታል፤ ምሳ በላህ ወይ ያለው ግን የለም። ስለዚህ አርብ አርብ ሱቁን ዘግቶ፣ ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ለሟቹ ሲል ነው፤ እንዲያ ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ልጅቱን እንደ ልጁ ወዷታል።

ኮንትራቷ አለቀ። ሚስራ በኒ ማሊክ የሚባለው የጅዳ ሰፈር፣ ጓደኛዋ ሰዒዳ የተከራየችው ክፍል ውስጥ ገባች። ዘመዶች ቀን ቆረጡ፤ ከፈጅር ሶላት በኋላ ስድስት ሆነው ሄዱ። ውሃ ተይዟል፤ ሶፍት ተይዟል፤ ብትወድቅ የሚይዟት ሁለት ጠንካራ ሴቶችም ተመርጠዋል። አዩብ ከሁሉም ኋላ፣ እየሳለ ደረጃውን ወጣ። መርዶው ብቻ አልነበረም ያስጨነቀው። ዛሬ ሀሺም ሲሞት የአርቡ ጥሪም አብሮ ሊሞት ነው።

ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። ሚስራ ናት። ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ትራሱ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ሁሉም ተቀመጡ። በዕድሜ ትልቁ ጉሮሮውን ጠርጎ «ኢና ሊላሂ...» ብሎ ጀመረ። ሚስራ ግን ተነሥታ ወደ ኩሽና ገባች፤ አንድ ፔርሙስ ይዛ ተመለሰችና፣ ሰውን ሁሉ አልፋ አዩብ ፊት አስቀመጠችው።

«ዝንጅብል በማር ነው» አለችው። «ሳይበርድ ጠጣው፣ አባየ።»