የደፈረሰው ፈሳሽ

የልጅቷ እጢ ከጭንቅላቷ ከወጣ ገና ሳምንት አልሞላውም። በተላጨው ራሷ የገባው ቀጭን ቱቦ አንጎሏ ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያደረገ አልጋው አጠገብ ወደተሰቀለው ከረጢት ያወርዳል። ፈሳሹ እንደ ውሃ የጠራ ነበር። ዛሬ ደፍርሷል፤ ልጅቷም እንደ እሳት ትፋጃለች።

«ጀርም ገብቷል» አለች ሐኪሟ ለእናት። «ቱቦው በተከፈተ ቁጥር ለጀርም በር ይከፈትለታል። ከነርስ በቀር ማንም አይንካው የምንለው ለዚህ ነው። መድኃኒት ጀምረናል፤ ግን አልዋሽሽም እህቴ፣ ያሰጋል።»

እናት ከዚያ ወዲያ አልሰማችም። «ከነርስ በቀር» የሚለው በቂዋ ነበር። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ሸጉጦ፣ እየሳቀ የቱቦውን መክፈቻ ሲያዞር ያየችው ያ ወጣት ነርስ ትዝ አላት። እሷ እንደሆነ ከአልጋው ስር የተነሳችው እሑድ ብቻ ነው፤ ልብስ ልትቀይር። ያኔም ባሏ ተተክቶላታል። ስትመለስ «ሁሉ ሰላም ነው፤ ሰላም የማትሰጪ አንቺ ብቻ ነሽ» ብሎ ቀልዶባት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጠው ባሏ ነገረችው። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እጁ ከያዘ አይለቅም።

«ያ ቀልባጣ?» አለና ተነሳ።

ነርሱን ከመድኃኒት ጋሪው ጋር አጣብቆ አነቀው።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ልጄን ገደልካት!»

የመጀመሪያው ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አፍንጫውን ሰበረው። ጋሪው ተገለበጠ፤ ጠርሙሱ ወለሉ ላይ ተንኮታኮተ። ነርሱ ተንበርክኮ ደሙን በጓንቱ ሲጠርግ፣ ባልየው ጸጉሩን ጨብጦ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«እጄን ታጥቤ... በአልኮል ጠርጌ ነው የምነካው...»

«በስልክ እየተንከተከትክ!»

እናት ጫማዋን አውልቃ እጇ እስኪዝል ጀርባውን ወቃችው። ደስ አላት። እንዲህ ደስ ካላት ወራት አልፈዋል።

ጥበቃዎቹ በመፍጠን ባይታወቁም ዛሬ ቶሎ ደረሱ። ባልየውን ለሦስት ጎትተው ከነርሱ ላይ አላቀቁት። ነርሱ መዳፉ ላይ የተፋውን ጥርሱን ያያል። ሐኪሟ በሩ ላይ ደርቃ ቆማለች።

«ልቀቁኝ!» ባልየው እየታገለ ጮኸባት። «ነርስ፣ ሐኪም ተብላችሁ ደሞዝ ትበላላችሁ! እሑድ ጠብታው ቀጥ ሲል ስጣራ ማን መጣ? ማንም! መጋጠሚያውን ፈትቼ፣ በአፌ እፍ ብዬ የከፈትኩላት እኔ አባቷ ነኝ!»