ቀላሉ ጎማ

የደንበኛዬን የትርሲትን የተራራ ብስክሌት ጎማዎች እንዲቀሉ ብዬ፣ መሃላቸውን በሚወጥሩት የብረት ሽቦዎች ፈንታ በጠንካራ ክር ወጠርኳቸው። ክር ይለጠጣልና አሳድሬ እንደገና አጠበቅኩት። ልትወስድ ስትመጣ ብስክሌቱን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ ሳቀች።

«ፍሬኑንም እይልኝ» አለችኝ።

«ፍሬኑ ምንም አይሆንም። ይልቅ ጎማውን እዪው!» አልኳት።

ቁልቁለት ላይ ወድቃ ሞተች። በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሟ ብስክሌቱን አምጥቶ ደጄ ላይ ጣለው።

«ክርህ ነው የገደላት» አለኝና ሄደ።

ሦስቱንም ቀን ለራሴ ስል የነበረው እሱኑ ነው።

ብስክሌቱን ገልብጬ አቆምኩትና ጎማዎቹን አሽከረከርኳቸው። አንድም ክር አልተበጠሰም። ሁለቱም ሳይወላገዱ ቀጥ ብለው ዞሩ።

የፍሬኑን እጀታዎች ጨበጥኩ።

ጎማዎቹ መዞራቸውን አላቆሙም።