ዛፍ ቁጥር አርባ አንድ

ተመራማሪዋ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ላዩ ላይ «አርባ አንድ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ውስጡ ያለው እንደ ባቄላ ቅርፊት ያለው የሁመር ፍሬ ግን ከዛፍ ቁጥር አሥራ ሁለት የለቀምኩት ነው። አሥራ ሁለት ማር ነው።

ከምርምር ጣቢያው ስልሳ የሁመር ዛፍ አሥሩ ብቻ ለዘር ይመረጣል፣ የቀረው ተቆርጦ ቦታው ለአዲስ ችግኝ ይለቀቃል ብላለች። እኔ የግቢው አትክልተኛ ነኝ፤ ማን ይሰማኛል? ስለዚህ በሽበቴ አጭበርባሪ ሆንኩ።

የመጨረሻ ልጄን ታክላለች፤ ሥራ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። የእያንዳንዱን ፍሬ ርዝመት ለካች፣ ቅርፊቱን ፈልፍላ ሥጋውን መዘነች፣ ዘሩን ቆጠረች። ሦስተኛው ላይ ቆም አለች። ሄዳ የአሥራ ሁለት ፍሬ ያለበትን ትሪ አመጣችና ጎን ለጎን አስቀመጠችው።

«አባባ፣ እነዚህ እኮ የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አለችኝ።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አርባ አንድን የተከለችው እዚሁ ትሠራ የነበረችው ባለቤቴ መሆኗን፣ ካረፈች ሰባት ዓመት እንዳለፋት፣ ፍሬው ግን ጥርስ የሚያጠርስ መሆኑን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

የአርባ አንድን የራሱን ፍሬ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። ሄጄ አመጣሁ። አንዱን ልጣ አፏ ውስጥ ስትከተው ዓይኗ ተጨፈነ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አለቀለት አልኩ በሆዴ።

ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ኮምጣጣነቱን በመሣሪያዋ ለክታ መዝገቧ ላይ ጻፈች።

«ጣፋጩማ ሞልቶኛል» አለች አፏን እየጠረገች። «ለማዳቀል ግን ኮምጣጣም ያስፈልገኛል። እንዲህ ያለውን ስፈልግ ሁለት ዓመቴ ነው። ለዘር ይያዛል፣ ማንም አይነካውም።»

ወንበር ሳበችልኝና ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ጠየቀችኝ። ከቀብሯ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ መልአክ ነበረች ይለኛል፤ እኔም አዎ እያልኩ ኖሬያለሁ።

«ኮምጣጣ ነበረች፣ ልጄ» አልኳት። «ከጠዋት እስከ ማታ ስትነዘንዘኝ የምትውል።»

ይህን እንዳልኩ ያቺ መልአክ ሳትሆን እሷው ራሷ ናፈቀችኝ።