ሃያ ሰከንድ

ልጄ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ሰርቨር የምትለውን ሣጥን መደርደሪያው ላይ ተክላልኝ፣ ካሜራውን ወደ ስፌት መኪናዬና ከኋላዬ ወዳለው በር አዙራ ሄደች። ስሰፋ ምስሌ በቀጥታ ይተላለፋል፤ የምታየኝ ሩቅ ያለችው ታላቅ እህቴ ብቻ ናት። ባሌ ከሞተ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ስለሌለ ለኔ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ራሴንም በቴሌቪዥኑ አያለሁ።

"ምስሉ ሃያ ሰከንድ ይዘገያል እማዬ፣ ግራ እንዳይገባሽ" ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ መቀሱን ካስቀመጥኩ ቆይቼ ነው ቴሌቪዥኑ ውስጥ የማስቀምጠው።

ዛሬ ጠዋት ግን ገና ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ራሴን ተነስቼ ወደ በሩ ስሄድ አየሁ። እኔ እንደሆንኩ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። "ለምስል አልታዘዝም" ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ።

እህቴ ደወለች። "አንቺ ችኮ፣ ማንን ነው እያለቀስሽ ያቀፍሽው?"

"ማንንም። ቁጭ ብዬ እየሰፋሁ ነው፣ እትዬ።"

"ኧረ ተይ! ወንበርሽ እኮ ባዶ ነው። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ ካፖርቱ ግን የባልሽን ይመስላል።"

በሩ ተንኳኳ። እኔ እምቢ እንዳልኩ ነኝ፤ እግሬ ግን ተነስቷል።